ውሃ ትተፋለች?

ልጅ ሆኜ ጣና ላይ አንድ ስራ ነበረኝ።

አጎቴ ባህር ዳር ጀልባ ነጂ ነበር። ከከተማው ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም ወደ ክብራን ገብርኤል ሰው ያመላልሳል። ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዞኝ ይወጣል። ከኋላ፣ ከሞተሯ አጠገብ እቀመጣለሁ። የኔ ስራ ውሃ ማየት ነው። ሐይቁን ማለቴ አይደለም። ከሞተሯ ጎን ፊን እያለች የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ነው።

ጋሼ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። ደንገል ከተሸከመ ታንኳ ጋር እንዳይጋጭ፣ ድንጋይ ላይ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። በየመሀሉ ዞር ሳይል ይጠይቀኛል።

«ውሃ ትተፋለች?»

«ትተፋለች ጋሼ!»

ለምን እንደሚጠይቀኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። መኪና ራዲያተር አላት። የጀልባ ሞተር የላትም። ራዲያተሯ ሐይቁ ነው። ከታች፣ ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ ባለው ወንፊት ውሃ ትስባለች። ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው የጋለውን ብረት ዞሮ አቀዝቅዞ ይወጣል። አብዛኛው ከታች ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ጥቂቷ ግን በጎን በኩል እርሳስ በማታስገባ ቀዳዳ ትወረወራለች። ነጂው እንዲያያት ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የላትም። እሷ ከቆመች ፓምፑ ቆሟል ማለት ነው። ያኔ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። 14 ጫማ የሆነች የአሉሚኒየም ጀልባ አለችኝ። ከኋላዋ 15 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር አለች። ያገለገለች ነበረች ስገዛት። ቅዳሜ ሲመቸኝ ፖቶማክ ላይ አሳ አጠምዳለሁ። ሰው ሲያገኘኝ ስለ አሳው ነው የሚጠይቀኝ። ስንት ያዝክ፣ ምን ያህላል፣ ይበላል ወይ ይለኛል። ስለ ሞተሯ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን ከአሳው ይልቅ ከሞተሯ ጋር የማሳልፈው ሰዓት ይበዛል። ዛሬ ስለ እሷ ልጻፍ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ጓደኛዬ ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ በቀጥታ እኔ ቤት ይመጣል። እንቅልፉን አሳልፎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ሌሊቱን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። እዚያ ስሄድ ከኋላዬ ሞተሯ ብቻ ናት» አለኝ። ቴርሞስ ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ይዘን ተሳቢውን ጎትተን ወደ ሊሲልቫኒያ ፓርክ እንወርዳለን።

ጀልባ ማውረጃው ላይ ደንብ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ዕቃህን የምትጭነው፣ ገመድህን የምትፈታው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ማውረጃው ላይ ቆመህ መንጠቆ እያሰርክ ሰው አታስጠብቅም። ከኋላ ከታች ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ መጥበቋን በእጅህ ትነካለህ። በዓይን ማየት አይበቃም፤ መንካት ነው። ረስቷት የወረደ ሰው ጀልባው ውሃ ስትሞላ ካየህ ደግሞ ትሮጣለህ። ማን እንደሆነ አትጠይቅም።

እዚያ የሚመጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ አሉ፤ ሁሌም ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ። ሁለት የኤልሳልቫዶር ወንድማማቾች አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ወንዝ ያጠመዱ ጥቁር አሜሪካውያን አባቶች አሉ። የብዙዎቹን ስም አላውቅም። ሞተራቸውን ግን አውቃለሁ። የማን ሞተር በአንድ ስበት እንደምትነሳ፣ የማን ሰማያዊ ጭስ እንደምታጨስ፣ ማን ባለፈው ዓመት ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ዕቃ) እንደቀየረ አውቃለሁ። ሰላምታችንም በእሷ በኩል ነው። «እንዴት አደረች?» እንደማለት።

ወንዙ ራሱ የሜሪላንድ ነው። የቨርጂኒያ ሰው ብሆንም ከዳር አንድ እርምጃ እንደገባሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነኝ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርለስ በ1632 እ.ኤ.አ. በሰጠው ቻርተር ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳር ድረስ ለሜሪላንድ ተሰጠ። እስካሁን እንደዚያው ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ባህሩ ሩቅ ነው፤ ግን እዚህ ድረስ ይገፋዋል። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የጣና ችግር ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ነው። ጋሼ ጠዋት ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሳ መመለስ ይወዳል። እኔ እዚህ ከስልኬ ላይ የውሃውን ሰዓት አይቼ ነው የምወጣው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

ኅዳር ነበር። ብሉ ካትፊሽ የሚሉትን ትልቅ አምባዛ ፍለጋ ማታወማን የሚባለው ገባር ወንዝ አፍ አካባቢ ሄድን። ጓደኛዬ በሕይወቱ ይዞ የማያውቀውን አሳ ያዘ። ከጭኑ ይረዝማል። መልሰን ለቀቅነው፤ ከዚያ በፊት ግን ፎቶ ተነሳን። ስንመለስ እኔ እየነዳሁ ፎቶውን ያሳየኛል፤ አብረን እናያለን። ፊታችን ሁሉ ስልኩ ላይ ነው።

ድምጿ ወፈረ። መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ከዚያ ቀለም ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት ሽታ መጣ። ዞር ስል ከጎኗ ምንም የሚወጣ ውሃ የለም። ቀይ ገመዱን ሳብኩና አጠፋኋት።

(ስለ ቀይ ገመዱ አንድ ነገር ልበል። አንዱ ጫፍ ሞተሯ ላይ ነው፤ ሌላው የነጂው እጅ ወይም ላይፍ ጃኬት ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ይነቀልና ሞተሯ ትጠፋለች። ካልታሰረ ጀልባዋ ያለ ነጂ እየዞረች ተመልሳ ውሃ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ትመጣለች፤ ፕሮፔለሯ እየተሽከረከረ። ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች በሆኑ የሞተር ጀልባዎች በፍጥነት ሲነዱ ማሰር በአሜሪካ ሕግ ግዴታ ሆኗል። እባካችሁ እሰሩት። ሕግ ባይኖርም እሰሩት።)

ሞተሯ ስትጠፋ ወንዙ ጸጥ አለ። ብርድ ነው። ውሃው እየጎደለ ወደ ታች ይወስደናል። ነፋሱም በዚያው አቅጣጫ ነው። መልህቅ ጣልን። የሞተሯን ክዳን ሳነሳ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እጄን ማስጠጋት አልቻልኩም። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ቴርሞሱን ከፍቶ ቡና ቀዳልኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሰው በትልቅ ጀልባ ሲያልፍ አየን። እጃችንን አወዛወዝን። ቀስ ብሎ መጣ፣ ገመድ ወረወረልን፣ ጎትቶ ማውረጃው ድረስ አደረሰን። ገንዘብ ስሰጠው እጁን አራገበ። ቀጥሎ የምትጎትተው ሰው አለ፣ ለእሱ አድርግ ብሎኝ ሄደ። የዚያን ቀን አሳ ማጥመዱም ቀርቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ጎትቻለሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ እያለሁ አውቄዋለሁ። ያን ቀን አልነበረም የተበላሸችው። ጀልባዋን ከገዛሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በእነዚያ አምስት ዓመታት የውሃውን ፓምፕ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም። ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። ቅዳሜ ስራ ይኖረኛል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ክርስትና፣ ሰርግ፣ ለቅሶ ቤት። ሁሉም ተገቢ ነው። ሞተሯ ግን ዝም ብላ ትጠብቃለች። አትናገርም። ውሃ ላይ የቆመች ሞተር የቆመችው ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ሳለች ነው። ይሄንን ነው ከዚያች ቀን ያገኘሁት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው። በወጣትነታቸው ባህር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ሞተሯን ጓሮዬ ውስጥ እንጨት ላይ ሰቅዬ ሳይ አጥር ላይ ተደግፈው ተመለከቱኝ። ትንሽ ቆይተው የራሳቸውን የመሣሪያ ሳጥን ይዘው መጡ። አልጠራኋቸውም።

የታችኛው ክፍል የሚያዘው በጥቂት ብሎን ነው። የማርሹን ዘንግ ታላቅቃለህ፣ ብሎኖቹን ትፈታለህ፣ ወደ ታች ትስበዋለህ። ሳይነካ የቆየ ስለሆነ እምቢ አለ። እሳቸው የጎማ መዶሻ ይዘው ከዚህም ከዚያም ቀስ ቀስ እያደረጉ መቱት። አንድ ቦታ ላይ አጥብቀው አይመቱም። ወጣ። ከላዩ ላይ የፓምፑ ቤት አለ። ሲከፈት ውስጡ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ክብ ጎማ አለች። እንደ አበባ ዙሪያዋን ክንፍ አላት። ኢምፔለር ይሏታል። ስትሽከረከር በክንፎቿ ውሃውን እየጠረገች ወደ ላይ ትገፋዋለች።

የእኔ ስድስት ክንፍ ነበራት። አራቱ ቀርተዋል። እነሱም ወደ አንድ ጎን ተጣመው እንደዚያው ደርቀዋል። ጣቴን ሳሳርፍባቸው አይታጠፉም፤ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተሰነጣጥቀዋል።

አዲሷን ልገጥም ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «ሁለቱስ የት ሄዱ?» አሉኝ።

አላሰብኩትም ነበር። የተበጠሱት ሁለት ክንፎች የትም አይጠፉም። ውሃው ገፍቷቸው ወደ ላይ ሄደዋል። የሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ተቀርቅረው ተቀምጠዋል። አዲስ ጎማ ብታስገባም መንገዱ ዝግ ነው። አንዱን ቁራጭ እዚያው የፓምፑ ቤት ውስጥ አገኘነው። ሌላውን ፍለጋ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ውሃው የሚወጣበትን ቱቦ በሽቦ ጎረጎርን። በአየር ነፋን። በመጨረሻ ከላይ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ሲፈቱ እዚያ ጋ ተጣብቆ ተገኘ። የጥፍር ያህል ጥቁር ጎማ። በፒንሳ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከመጀመሪያው ጋር አጋጠምኩት። ከዚያ ከአሮጌው ጎማ ጋር አጋጠምኩት። ስድስት ሆነ። «አሁን ዝጋ» አሉ።

ፍለጋው ላይ እያለን የሚያወሩልኝ ስለ ራሳቸው ሞተር ነው። ኤቪንሩድ ናት፤ የድሮ። ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል ከኖርዌይ የመጣ ሰው ዊስኮንሲን ውስጥ ሰራት። እንደሚተረከው፣ ለሚወዳት ልጅ አይስክሬም ሊያመጣ በሙቀት ሐይቁን እየቀዘፈ ሲሄድ አይስክሬሙ ቀለጠበት። ከዚያ ነው ለጀልባ ሞተር የመስራት ሐሳብ የመጣለት ይባላል። በ1909 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረባት። የፋብሪካው ባለቤቶች በ2020 እ.ኤ.አ. ምርቱን አቆሙ። ጎረቤቴ ይሄን ሲነግሩኝ ዘመድ እንደሞተባቸው ነበር ድምፃቸው። ጋራዣቸው ውስጥ በየጣሳው ያስቀመጡት መለዋወጫ አለ። ጓርኒሲዮኑ፣ ፒኑ፣ ዳዶው፣ ሁሉም ላይ በእጃቸው ጽፈዋል። ጋሼም እንደዚሁ የኒዶ ጣሳ ነበረው። ሁለት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ አንድ ካቻቪቴ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግራሶ። ጣሳው ሳይኖር ጀልባዋ ከወደቡ አትነሳም።

አዲሷ ጎማ ስትገባ ክንፎቿ በትክክለኛው አቅጣጫ መታጠፍ አለባቸው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀቡልኝ። «ቤቱን ወደ ታች እየተጫንክ ዘንጉን ወደ ቀኝ አዙር» አሉኝ። አዞርኩ። ክንፎቹ አንድ በአንድ እየታጠፉ ሲገቡ በጣቶቼ ይሰማኝ ነበር። ልስልስ ያለ ነገር ነው። ያ ስሜት እስካሁን እጄ ላይ አለ። መለዋወጫው 50 ዶላር አይሞላም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ እቀይራታለሁ፤ ጤነኛ ብትመስልም።

ሌሎቹን ነገሮች ባጭሩ ልንገራችሁ።

ቤንዚን አታስቀምጡ። እዚህ አገር ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። ብዙ ሲቆይና ውሃው ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይወርዳል። ሞተሯ ደግሞ የምትስበው ከታች ነው። ካርቡራቶር ውስጥ የቀረውም ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናታል። በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይሰጣት፣ አልቆም ብላ የምትጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሕመሟ ይሄ ነው። ከአንድ ወር በላይ የማልወጣ ከሆነ ማቆያ መድኃኒት እጨምርበታለሁ፣ የካርቡራቶሯንም አፈሳለሁ።

የካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ ዘይት በየዓመቱ በልግ ላይ፣ ማለቴ እዚህ ቅጠል ሲረግፍ፣ አውጥቼ አየዋለሁ። ጥቁር ከሆነ ደህና ነው፤ አርጅቷል ብቻ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። አንድ ዓመት ወተት መስሎ ወጣብኝ። ፕሮፔለሩን ስነቅለው ከኋላው ዘንጉ ላይ የማጥመጃ ክር ተጠምጥሟል። ራሳችን የጣልነው ናይለን ነው። እየዞረ ገብቶ ፓራዮሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ፣ በልቶታል። ውሃው በዚያ ገባ። ለዚህ ነው አሁን በየጉዞው መጨረሻ ፕሮፔለሩ ስር የማጎነብሰው። ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በጥፍር ነው የሚገኘው።

ይሄ ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ ክረምት ላይ ይበርዳል፣ በረዶ ይሆናል፣ ያብጣል፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጋሼን በስልክ ስነግረው አላመነኝም። 40 ዓመት ሞተር ሲነዳ ኖሮ በብርድ የተሰነጠቀ ሞተር አይቶ አያውቅም። «ብረት በብርድ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ለዚያ ነው ሞተሯን ለክረምት ሳስቀምጣት ቀጥ አድርጌ የማቆማት፤ ውስጧ የቀረው ውሃ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይወርድ ዘንድ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጋሼ ጋር ሳንተራረም ነው የምንግባባው። አረም ላይ።

ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ባህር ዳር የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ በሰሜንና በምስራቅ በኩል ያሉት ገበሬዎችና አሳ አስጋሪዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቁታል። ሲያዩት አረንጓዴ መስክ ነው፣ ወይን ጠጅ አበባ አለው። ጀልባ ሲገባበት ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። የተቆራረጠው ደግሞ ውሃ መሳቢያው ላይ ይለጠፍና ሞተሯን ያፍናታል። ፖቶማክ ላይ ደግሞ ሃይድሪላ የሚባል አለ። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው እዚህ የታወቀው። እሱ አይንሳፈፍም፤ ከታች በቅሎ እስከ ላይ ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ጥልቀት የሌለው ቦታ ሁሉ ይሞላል። በእሱ መሀል ቀስ ብዬ ስሄድ ከጎኗ የሚወጣው ውሃ ይቀጥናል። ቆሜ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ አረሙን አራግፌ እሄዳለሁ።

ይሄንን ወደ ኋላ የማስኬድ ዘዴ የነገረኝ ጋሼ ነው። እሱ ለእምቦጭ የሚያደርገውን እኔ ለሃይድሪላ አደረግኩት። ልዩነቱ ሃይድሪላ ውስጥ አሳ ይሸሸጋል፤ አጥማጆቹ እሱን ፈልገው ይሄዳሉ። እምቦጭ ግን ብርሃኑንም አየሩንም ይከለክላል። ጋሼ ስለ እምቦጭ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። «ውሃው ላይ የማውቀው መንገድ ነበረኝ» ብሎኛል አንዴ።

ሃይድሪላው ውስጥ ከሚደበቁት አንዱ ስኔክሄድ ነው። የእስያ አሳ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ክሮፍተን ከተማ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኘ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖቶማክ ላይ ታየ። አሁን ተራብቷል። አየር መተንፈስ ይችላል። ከያዝከው መልሰህ እንድትለቀው አይፈለግም። እናቴ ከባህር ዳር መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። እናቴ አምባዛ አትበላም። ቅርፊት የለውማ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም ብላ ነው ያደገችው፤ ኦሪቱም እንደዚያ ይላል። የፖቶማክን ትልልቅ አምባዛ ስይዝ እያየች ዝም ትላለች። (እሱንም ቢሆን ትልልቁን አንበላም። ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል በትልልቆቹ ስብ ውስጥ ይከማቻልና ምን ያህል መብላት እንደሚገባ የሚገልጽ ማሳሰቢያ አለ፤ ወንዙ ላይ የምታጠምዱ አንብቡት።)

መጀመሪያ ስኔክሄድ ይዤ የመጣሁ ቀን ስሙን ተረጎምኩላት። የእባብ ራስ ስላት አማተበች። ከዚያ ቀረብ ብላ በጣቷ ጀርባውን ከጅራት ወደ ራስ ዳሰሰችው። «ቅርፊት አለው እኮ» አለች። ቢላዋ ልታመጣ ሄደች። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ወጥ ውስጥ አይፈርስም። ዳጣ አውጥታ አቀረበችልን። ጓደኛዬ እጁን ሳይታጠብ ሊጀምር ነበር። በሁዳዴ እሱ አሳ ይበላል፣ እናቴ አትበላም። በዚህ ማንም ማንንም አይናገርም። እሷ ትሰራለታለች፣ እሱ ይበላል።

ባለፈው ሚያዝያ ሞተሯን ከክረምት እንቅልፏ አስነሳኋት። ጓሮ ውስጥ ነው። ውሃ መሳቢያዋ ላይ የጆሮ መሸፈኛ የሚመስል ላስቲክ ይገጠማል፤ ከእሱ ጋር የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ታገናኛለህ። ውሃውን ከፍተህ ከዚያ ታስነሳታለህ። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አትነሳም፤ ያቺ ጎማ በደረቁ ትቃጠላለች።

ተነሳች። ግን ትንቀጠቀጣለች። ጎረቤቴ ልጃቸው ጋ ሄደው አልነበሩም። በቪዲዮ ጋሼ ጋ ደወልኩ። አሁን ጀልባውን ትቷል፤ ዕድሜው ከ70 አልፏል። ጉልበቱን ያመዋል። ጆሮው ግን ደህና ነው።

«ስልኩን አስጠጋው» አለኝ።

አስጠጋሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጋዝ ስጥ አለኝ፤ ሰጠሁ። ተው አለኝ፤ ተውኩ።

«በአንድ እግሯ ነው የምትሄደው። አጥፋና ሁለቱንም ካንዴላ አሳየኝ።»

ፈታኋቸው። አንደኛው ደረቅ፣ ጫፉ ቡናማ ነው። ሌላኛው ጥቁርና በቤንዚን የራሰ ነው። አይተኩስም ማለት ነው። ከሳጥኔ አዲስ አውጥቼ ገጠምኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከቤት ወጥታ ከጎኔ ቆማ ታያለች። ገመዱን ሳብኩ። ሞተሯ ተነሳች፣ ድምጿም ገጠመ። ሁለቱም እኩል መቱ። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ጠየቀ። እኔን መስሎኝ አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። ለካ በበጋው ሁሉ ወንዝ ላይ የምጠይቃት እሱኑ ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ሞተሯ ጎን አስጠጋችው። መስታወቱ ላይ ውሃ ተረጨ።

«ትተፋለች!» አለችው።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብሎ አየ። ከኋላው የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል።

«በቃ አጥፏት» አለ። «ቤንዚኑን አትጨርሱ።»